ወደ ላይ የሚያዩት ዓሦች

ያን ቀን የዋሸኝ ወንድሜ ራሱ ነበር?

እስከዛሬ መልሱን አላገኘሁም። የምነግራችሁ ነገር ላይ ግን አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ያየሁትን ያየሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በወንድሜ የዓሣ ኩሬዎች ዳር ነው።

ውጭ አገር ስምንት ዓመት የተማርኩት የዓሣ በሽታ ነው። እንደተመለስኩ፣ እንደ አባት ሆኖ ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ለሽያጭ ፈቃድ የጤና ወረቀት እንድፈርምለት ለመነኝ።

ደንቡ የሚመረመሩትን ዓሦች በገዛ እጄ ከኩሬው እንዳወጣ ያዛል።

«ዶክተሯ ጭቃ ልትረግጥ? አርፈሽ ተቀመጪ!» ብሎ ሳቀብኝ። ዓሦቹን በባልዲ ራሱ ቢሮዬ ድረስ አመጣልኝ።

ሲስቅ ግን የሚያየው እኔን ሳይሆን ጣሪያውን ነበር...

ዓሦቹ ንጹህ ነበሩ። ፈረምኩ።

በሳምንቱ ልቤ አላርፍ ሲለኝ፣ ሳልነግረው ሄድኩ።

ትልቁ ኩሬ ጭር ብሏል። ዓሦቹ በሙሉ ውሃው ላይ ተንሳፍፈዋል። አልሞቱም። ዝም ብለው ወደ ላይ ያያሉ።

ዓይናቸው ነጭ ነው።

አንዱን አውጥቼ ብሌኑን ሰነጠቅኩት። በአጉሊ መነጽሬ ስር ጠፍጣፋ ትሎች ይርመሰመሳሉ...

አውቃቸዋለሁ። ዓሣውን ያሳውሩታል። የታወረ ዓሣ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወፍ ይለቅመዋል። ትሉ የሚፈልገውም የወፉን ሆድ ነው።

ኩሬው ዳር መረብ የምትጠግን አንዲት ሴትዮ ክንዴን ያዘችኝ።

«አንቺ የመረመርሻቸው ዓሦች ከዚህ አልወጡም» አለች በሹክሹክታ።

«ከየት ነው ታዲያ?»

«ከጎረቤት ኩሬ። ዝም በይ... መጣ።»

ወንድሜ ከኋላዬ ደረሰ። «ወንድምጋሼ፣ በእኔ ስም ትዋሻለህ?» አልኩት። «በእኔ?»

አጠገቤ ቆሞ ሰማዩን ያያል። ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ናት፤ ዓይኑን አያርገበግብም።

ብሌኑ ነጥቷል።

ይህ ትል ሰው አይይዝም። እንደዚያ ነው ያስተማሩኝ።

ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ። ክንዴን ለቀቀችኝ... ቀስ ብላ እሷም አንጋጠጠች።

እግሬ አውጪኝ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከወንድሜ ስልክ ፎቶ ደረሰኝ። ጽሑፍ የለውም።

ወንድሜ፣ ሴትዮዋ፣ ሠራተኞቹ በሙሉ ኩሬው ውስጥ እስከ ደረታቸው ቆመዋል። ሁሉም አንጋጥጠዋል። ፎቶው የተነሳው ከላይ ነው፤ ከዛፎቹ ጫፍ በላይ፣ በጣም ከፍ ካለ ቦታ። የኩሬውን ግማሽ የተዘረጋ ክንፍ ጥላ ሸፍኖታል።

ወዲያው ጻፍኩለት፦

«ወንድምጋሼ፣ የፊርማው ነገር ይቅር። ከውሃው ውጣልኝ። ፎቶውን ያነሳው ማነው?»

«ተነብቧል» ይላል ስልኩ።