ሆዱን የሳበ ልብስ ሰፊ

«‹እንቅልፍ ሸለብ አደረገው› ብለሽ ጻፊ» አላት አባቷ፣ ከሸሚዙ ላይ ብጥስጣሽ ክር እየለቀመ።

ልጁ መርፌ እስክሪብቶዋን አነሳች እንጂ አልጻፈችም። በቅጥነቷ «መርፌ» የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ራሱ ነው። ልቡ ከደከመ ወዲህ በየማለዳው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ኪኒኑን ይውጣል፤ እሷ ደግሞ ክብደቱንና የሚሰማውን በደንበኞቹ የልክ ደብተር የመጨረሻ ገጾች ላይ ትመዘግባለች። ዓመቱን ሙሉ ደህና ነበር። እግሩ አላበጠም፣ ደረጃ ሲወጣም አላለከለከም፤ በስፌት መኪናው ድምፅ እያንጎራጎረ ይሠራ ነበር።

ዛሬ ግን ኮት እየቆረጠ ሳለ ዓይኗ እያየ ጠረጴዛው ላይ ድፍት አለ። መቀሱ ወለሉ ላይ ወደቀ። «አባዬ!» ብላ ሳትጨርስ ነቃ።

«ነርሷ ራሱን ከሳተ በዚያው ቀን ደውሉ ብላለች» አለች መርፌ። «የልብ ምት ድንገት ተዛብቶ ሊቆም ይችላል አላለችም?»

«ይኸው ቆሜያለሁ አይደል! ከደወልሽ ያንን ምት የሚያስተካክል መሣሪያ ደረቴ ውስጥ ይቀብሩታል። የቅዳሜውን ሙሽራ ኮት ማን ሊሰፋው? አንቺ? ባለፈው እጅጌውን ከኪሱ ጋር የሰፋሽው?»

ሳትፈልግ ሳቀች።

ደንበኞች ሲለኩ ሆዳቸውን ይስባሉ። አባቷ አይከራከራቸውም። ጠመኔ የጠፋበት መስሎ ኪሱን ይዳብሳል፤ ትንፋሻቸው አልቆ ሆዳቸው ወደ ቦታው ሲመለስ ይለካቸዋል።

መርፌ ኪሷን መዳበስ ጀመረች። መሳቢያውን ከፈተች፤ ጨርቁን ገልጣ አየች።

«ምን ጠፋብሽ?»

«ጠመኔ።»

«በእስክሪብቶ እየጻፍሽ ጠመኔ ምን...» አባቷ እጁን ወደ ጆሮው ሰደደ። ጠመኔው ጆሮው ላይ ተሰክቷል። ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«አንቺ ተንኮለኛ፣ በእኔው ዘዴ?» አለ ቀስ ብሎ። «ዓይኔ ጨለመብኝ። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ አድርጎኝ ነበር። ፈርቼ ነው የደበቅኋችሁ። ለእናትሽ እኔው ልንገራት።»

«ራሱን ሳተ፤ ሁለት ጊዜ» ብላ ጻፈች።

«ሙሽራውስ?»

«በሸሚዝ ያግባ።»

አባቷ ከት ብሎ ሳቀ። መርፌ ደብተሩ ሽፋን ላይ የተጻፈውን የነርሷን ቁጥር እያየች ስልኩን ትነካካ ጀመር። እሱም ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው።