የተደፋው ኩባያ

ኮክ ሊያንግ ለጠዋት የእግር ጉዞ ወደ ፔናንግ ኮረብታ እንደወጣ ከቀረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሁለት ጊዜ የጣለው ዝናብ ዱካውን አጥቦታል። አነፍናፊ ውሾቹም ምንም አላገኙም።

ፖሊስ የሆነችው ልጁ ሲው ኢም፣ የጠፋው አባትሽ ስለሆነ ምርመራው ውስጥ አትግቢ ተብላለች። አትግቢ ማለት ቀላል ነው። ሐሙስ ጠዋት የጆሮ መስሚያ ያደረገበትን የአባቷን ፎቶ ይዛ በወደቡ ሰፈር ስትዞር፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ የግድግዳ ሥዕል ፊት ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች።

ሥዕሉ ኮረብታው ላይ ያለውን ጎጆ ያሳያል። እዚያ ተጓዦች ከታች ውሃ ተሸክመው ይወጡና ሻይ ይጠጣሉ። የእያንዳንዱ ደንበኛ ኩባያ መደርደሪያው ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ሲሞት፣ ከቀብሩ ማግስት ኩባያው ይደፋል። እጀታው የተሰበረው ቀይ ኩባያ የአባቷ ነው። ሥዕሉ ላይ ተደፍቷል።

ሠዓሊው ራዝላን መሰላል ላይ ነበር። ጎትታ ልታወርደው ምንም አልቀራት።

«ይሄን ኩባያ ማን ድፋው አለህ?»

«ማንም። እንዳየሁት ነው የሳልኩት።»

የንድፍ ደብተሩን አሳያት። ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ይላል።

ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ የአባቷን መጥፋት ማንም አያውቅም፤ እሷ ራሷ የሰማችው ማታ ነው። ኩባያ የሚያጥብና የሚደረድር ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የጎጆው ጠባቂ፣ ሽማግሌው ተይክ ሁዋት። ፈላጊዎቹን በምሥራቁ በኩል ሲያዞር የሰነበተውም እሱ ነው።

ባልደረባዋን ጠርታ ዳገቱን ተያያዘችው። በየመታጠፊያው አባቷን ተዘርሮ የምታገኘው ይመስላታል። አሁን ከመጥፋቱ ይልቅ መገኘቱን ፈራች።

ሽማግሌው ማንቆርቆሪያውን ጥዶ ነበር።

«ጋሼ፣ የአባቴን ኩባያ ለምን ደፉት? ሳይቀበር?»

ማንቆርቆሪያውን ከእሳቱ አወረደ። ከዚያ በኋላ አልደበቀም። በድብቅ ጃርት የሚያጠምድበትን ሽቦ ኮክ ሊያንግ አግኝቶበት፣ ለደን ጥበቃ እነግራለሁ፣ ጎጆውም ይዘጋል አለው። በገዛ እጁ ሠርቶ ሠላሳ ዓመት የኖረበት ጎጆ። ሽቦውን ሲናጠቁ ገፈተረው፤ በምዕራቡ ገደል ወደቀ።

«ሦስቴ ጠራሁት፣ ልጄ። አልመለሰልኝም። የሞተ ሰው ኩባያ ቀና ብሎ እያየሁት ሻይ ማፍላት አቃተኝ።»

«ወርደው አዩት?»

«ፈራሁ።»

«የጆሮ መስሚያው ከወለቀ እኮ መድፍ ቢተኮስ አይሰማም።»

ተይክ ሁዋት ተነሥቶ ወደ ምዕራቡ ገደል መራቸው።

መስሚያውን አፋፉ ላይ፣ ሣር ውስጥ አገኙት። ኮክ ሊያንግን ደግሞ ከታች፣ ወራጁ ውሃ ዳር። ጭኑ ተሰብሯል፤ ከንፈሩ ነጥቷል፤ ይተነፍሳል።

በቃሬዛ ሲያወጡት በጎጆው በኩል አለፉ። ሲው ኢም ቀዩን ኩባያ አቃናችው፤ ውሃ ሞልታ ወደ አፉ አስጠጋችለት።

አባቷ አንዴ ጎንጨት አለና ፊቱን አኮሳተረ።

«ሻይ የለም?» አላት።