እመት ሽታዬ በጥቁር ፍሬም

«እጅሽን አንሺ ብዬሻለሁ! የመስታወቱ ጠርዝ ገና አልተሞረደም» አሉ አናጢው አያ ወልደ ዮሐንስ።

ዓይናዲስ እጇን ሰበሰበች። ከቅዳሜ ገበያ ጀርባ ባለችው ጠባብ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ፣ ሥዕሏ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አያቷ እመት ሽታዬ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው፣ ከግቢው በር ቆመው መንገዱን ያያሉ። በከሰል ስትስለው ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል። አያቷ አላዩትም፤ ሰኞ በትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን ላይ ድንገት ልታሳያቸው ነው።

አያ ወልደ ዮሐንስ ሦስት ቁራጭ እንጨቶች ከሥዕሉ ጠርዝ አጠገብ ደረደሩ። «ይኼ ዋንዛ ነው። ይኼ ጥድ፤ እስቲ አሽትችው። ያ ደግሞ ባሕር ዛፍ ሆኖ ጥቁር የተቀባ። ምረጪ እንግዲህ።»

«የምን ምርጫ?» አለች ጓደኛዋ ፋሲካ። «ቲቸር ሁሉም ጥቁር ይሁን ብሏል። ካልሆነ አይሰቀልም፣ አለቀ!»

እውነትም ጥቁሩ ሲያርፍበት ነጠላው ቦግ አለ።

«ወይኔ፣ ፏ አለ!» አለች ፋሲካ።

አያ ወልደ ዮሐንስ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ገጣጠሙና በብርሃን እንዲያዩት ከደጃፉ አቆሙላቸው።

ይኼኔ ጎመን ሻጯ አማረች በዚያ ስታልፍ ቆም አለች። ዘንቢሏ ከእጇ ወደቀ።

«ውይ! ውይ! እመት ሽታዬ! መቼ ነው? ምነው ሳልሰማ?» ደረቷን ትመታ ጀመር። «ትናንት እኮ ጎመን ሸጬላቸዋለሁ! ያውም ጠወለገ ብለው ተጨቃጭቀውኝ!»

«ጠውልጎ ነበራ!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዋ። «ደግሞ ማን ሞቶ ነው የምትጮኺው?»

እመት ሽታዬ ነበሩ። ልጅቱ ዐሥር ደቂቃ ብትዘገይባቸው ፍለጋ ወጥተዋል።

አማረች በእሳቸውና በሥዕሉ መካከል ዓይኗን አመላለሰች። ፋሲካ ሳቋ አመለጣት። ዓይናዲስ ግን አልሳቀችም። ሳሎናቸው ውስጥ የተሰቀለው የወንድ አያቷ ፎቶግራፍ ትዝ አላት። ጥቁር ፍሬም የገባው ለልቅሶው ነው። በሠፈሩ ማን ጥቁር ፍሬም እንደሚገባ ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ እሷ ሥዕል ሥዕል ስትል እንዴት ዘነጋችው?

እመት ሽታዬ ሥዕሉን ብዙ አዩት።

«እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት፣ እምዬ።»

«ምነው እጄን ግንባሬ ላይ አደረግሽው? ራሴን አሞኝ ነው?»

«እኔን ከትምህርት ቤት ሲጠብቁ ነው።»

«ታዲያ ባልጠብቅስ! ማኪናው ሁሉ እንደ እብድ እየሮጠ።» ድምፃቸው ቀጠነ። «ሸጋ ነው፣ ልጄ። ጥቁሩም… ጥቁሩም ሸጋ ነው። መምህርሽ ካለ ይሁን።»

ከነጠላቸው ሥር ግን ጣታቸው አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አማተበ። ዓይናዲስ አየች።

«አያ ወልደ ዮሐንስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይፍቱት። በጥዱ ይሁንልኝ።»

ፋሲካ ክንዷን ያዘቻት። «አብደሻል? በሩ ፊት ለፊት ያለውን ቦታ እኮ ነው የሰጠሽ!»

«ሰኞ በጠዋት ገብቼ እነግረዋለሁ።»

«እንቢ ቢልስ?»

ዓይናዲስ ጣቷን አየች። ያንን ቦታ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ሙሉ ጣቷ በከሰል ጠቁሯል። የጥዱን ቁራጭ አንስታ አሸተተችው።

አያ ወልደ ዮሐንስ ጉጠታቸውን አነሡ። «ችግር የለም፤ ምስማሩን እስከ ግማሹ ነው የመታሁት» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ጥዱ ተገጥሞ ሲያበቃ እመት ሽታዬ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «በዚህ ጠቅልይው። መስታወቱ እንዳይቆርጥሽ። ቀስ! ከታች ያዥው እንጂ!»

«እሺ፣ እምዬ።»

አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ እመት ሽታዬ ቆሙ። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው መንገዱን ወደ ላይ፣ ከዚያም ወደ ታች አዩ። ባዶ ነበር። እንደገና ማየት ጀመሩ።

ሌላ ቀን ቢሆን ዓይናዲስ እጃቸውን ጎትታ ትሻገር ነበር። ዛሬ ሥዕሉን አቅፋ፣ አይተው እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።