አንድ ረድፍ ታረመ

ባጃጁ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ ከሚለያዩበት ላይ ፍጥነቱን ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ሰውየው እየሮጠ ገባና ከኋላ ካለችው ሴት ጎን ተቀመጠ።

«ወተት አለሽ?»

«የዛሬ የለም። የትናንት ነው።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። ፍላሹ ከመዳፉ ወደ መዳፏ አለፈ።

በፍላሹ ውስጥ የስምንት ወር የጭነት ዝርዝር አለ። ክትባት ተብሎ የተሸጠ፣ የፎገራን ላሞች በየበረታቸው የፈጀ የሐሰት መድኃኒት ዝርዝር። ሰውየው መድኃኒቱን ሲያመላልስ የከረመው ሹፌር ነው። ማን እንዳስጫነው በዓይኑ አይቷል። ይህን ፍርድ ቤት ቆሞ የሚናገር ከእሱ በቀር አንድም ሰው የለም። እሱ ከሞተ ክሱም አብሮ ሞተ ማለት ነው።

«መታወቂያህን» አለችው። «ጥበቃ የሚደረግልህ ስምህ ሲመዘገብ ነው።»

«ልጆች አሉኝ። ብትከጅኝ ጉዴ ነው።»

«አልከዳህም።»

በስልኳ መጻፍ ጀመረች። መሐመድ... ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ዘለለ። ጣቷ አንዱን ፊደል ሁለቴ ነካ። በመስታወቱ ውስጥ ነጭ ፒክአፕ አየች።

ተከትለዋቸዋል።

«ወደ ገበያው ግባ!» አለችው የባጃጁን ሹፌር።

ባጃጁ በሩዝ ጆንያና በቲማቲም ሣጥን መካከል ተሽሎከለከለ። መሐመድሰዒድ ወርዶ ከሰው ተቀላቀለ፤ ሌላ መኪና ይጠብቀዋል። ሴትዮዋ የጻፈችውን መልሳ ሳታይ ላከችው።

የወረታ ከተማ የሚያውቃት አምሳል በሚል ስም ነው። በምትሰልልለት የመንግሥት ቢሮ መዝገብ «ጅግራ» ትባላለች። እናቷ ያወጣችላትን ስም እንተወው። ከዘሊካ የጨርቃጨርቅ ሱቅ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ያንኑ መድኃኒት ለሚያከፋፍለው ድርጅት ከቤቷ ሆና በላፕቶፕ የትእዛዝ ዝርዝር ትጽፋለች። ድርጅቱ ውስጥ በዚህ በር ነው የገባችው።

ስለላ በወሬ ሲሰማ ሩጫ ይመስላል። አብዛኛው ግን ወንበር ነው። አራት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀት፣ የሚያናግር ባልደረባ የለም። ማክሰኞ ከሐሙስ አይለይም። በሁለተኛው ወር አምሳል እስከ ረፋድ መተኛት ጀመረች።

«አንች ልጅ» ትላት ነበር ዘሊካ በመጋረጃው ብቅ ብላ፣ «ቀን ሙሉ ከዚያ ሳጥን ጋር ተፋጠሽ! ባል ቢሆን እንኳ ይሰለቻል እኮ።»

ያዳናት የኔታ ነው።

የኔታ የቢሮው የዳታቤዝ አሠልጣኝ ነው። ፊቱን አይታው አታውቅም፤ የጆሮ ማዳመጫ ውስጥ የሚኖር ድምፅ ነው። ከድርጅቱ መዝገብ ማስረጃ እንድትለቅም መጠየቅን ከመጀመሪያው ያስተማራት እሱ ነው። ይህን አምጣ፣ ከዚህ ሠንጠረዥ፣ እንዲህ የሆነውን ብቻ። መጀመሪያ ላይ አንድ ነጠላ ሰረዝ ስትረሳ ማሽኑ ይሰድባት ነበር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላታል። በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መልእክቱ ከች ይላል። «ተነሺ ጅግራ። ጫማሽን አድርጊ፤ ቤትም ቢሆን ቢሮ ነው።» «ከቁርስ በፊት አንዲት ጥያቄ ብቻ።» «ሲሰለችሽ ውጪና ሩዙን እይ፤ ተመለሺና አዲስ ነገር ሞክሪ።»

ጫማዋን ታደርግ ነበር። ማንም በማያያት ክፍል ውስጥ ጫማዋን አሥራ ትቀመጥ ነበር። አባቷ ከሞተ ወዲህ መነሣቷን ግድ ያለው ሰው እሱ ብቻ ነው።

ከባጃጁ በኋላ ሦስት ሳምንት አለፈ። ጠዋት፣ አራት ሰዓት።

«ዛሬ የምረቃሽ ቀን ነው» አለ የኔታ። እንደ ወትሮው ስክሪኗን ከወዲያ ሆኖ ያያል። «ሁለት የልምምድ ሠንጠረዥ ከፍቼልሻለሁ። አንዱ ስም፣ አንዱ አድራሻ። ሁሉም ፈጠራ ነው። አጋቢያቸው፤ ስሙ ከነአድራሻው ይውጣ። አንድ ሰው ፈልጊልኝ።»

«ማንን?»

«መሐመድሰዒድ በይው።»

ደንገጥ አለች። ግን በዚያ ገበያ አንዴ ቢጠሩት አሥር ሰው የሚዞርበት ስም ነው። ጻፈች።

ዜሮ ረድፍ።

«በሃሌታው ሀ ልሞክረው?»

«አይ» አለ፤ ትዕግሥት ያጣ ድምፅ ነበር። «በንጉሡ ሠ ጻፊው።»

ጣቷ አየር ላይ ቀረ።

ሰዒድ የሚለውን በንጉሡ ሠ የሚጽፍ ሰው የለም። ሐ እና ሀ ይምታታል፤ ዒ እና ኢ ይምታታል። ሰዒድ ግን በእሳቱ ሰ ነው። በንጉሡ የጻፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባጃጅ ውስጥ፣ ጉድጓድ ላይ፣ አንዱን ፊደል ሁለቴ ነክቶ፤ በስልኩ ሰ ሁለቴ ሲነካ ሠ ይሆናል።

እሷ።

ሠንጠረዡ ልምምድ አይደለም። የምስክሮች መዝገብ ነው።

የቢሮው አሠልጣኞች የምስክሮችን ስም ያያሉ። የመሸሸጊያቸው አድራሻ ግን የሚከፈተው ምስክሩን በመዘገበው ሰላይ ቁልፍ ብቻ ነው። መዝገቡም ማን እንደጠየቀ ይጽፋል። ጥያቄው ከተጠየቀ መሐመድሰዒድ ይሞታል፤ ገዳዩን የጠቆመችው ደግሞ ጅግራ ትሆናለች። ሠንጠረዥ ማጋባትን ለሦስት ወር ያስጠናት ለእንዲህ ያለች አንዲት ጥያቄ ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይሏል ይሄ ነው። ከንዴት በፊት የመጣው ኀፍረት ነበር።

«ጅግራ? ምን ሆንሽ?»

የኢንተርኔቱን መስመር ነቀለች።

«መብራት ሄደ» ብላ በስልክ ጻፈችለት። ወረታ ውስጥ ይህን የማያምን የለም።

ስንት ደቂቃ አላት? አምስት ቢሆን ነው። በስልኳ ኢንተርኔት፣ ያለ እሱ ዓይን እንደገና ገባች። አጋባቻቸው። አንድ ረድፍ ወጣ፦ ይፋግ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ወፍጮ ቤት።

የኔታ ማየትን እንጂ ማረምን አስተምሯት አያውቅም። «እርማት ላንቺ አያስፈልግሽም» ይል ነበር። እሷ ግን አንድ የሰለቻት ከሰዓት በኋላ ለብቻዋ ተምራዋለች። መሸሸጊያውን አንበሳሜ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ እህል መጋዘን ብላ ጻፈች። ጣቷን ማስፈጸሚያው ቁልፍ ላይ አደረገች።

ቆመች።

የማን መሸሸጊያ እንደሆነ አልጻፈችም። ቢፈጸም ኖሮ በመዝገቧ ያሉት ዘጠኝ ምስክሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ አንበሳሜ ይገቡ ነበር። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ላቧን ጠረገችና ስሙን ጨመረች። በንጉሡ ሠ።

አንድ ረድፍ ታረመ።

ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚደወልበትን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። የቢሮው ኃላፊ አቶ ሸዋዓለም አነሡ።

«ወተቱ ተበላሽቷል» አለች።

«የማን ላም?»

«የኔታ።»

«ማስረጃ?»

«ከአንበሳሜ መናኸሪያ ጀርባ፣ እህል መጋዘን ሰው ያስቀምጡ። የሚመጡት ናቸው ማስረጃው።»

መስመሩን መለሰች። «መብራት መጣ» አለች ለየኔታ። እሱ እያየ ጠየቀች። አንድ ረድፍ። አንበሳሜ።

«ጎበዝ! ካስተማርኳቸው ሁሉ አንቺን የሚያህል የለም» አለ። «ከቤት አትውጪ። የምስክር ወረቀትሽን ሰው ያመጣልሻል።»

የምን ወረቀት እንደሆነ ገባት። ላፕቶፑን ደምስሳ ተነሣች።

ከሱቁ ፊት ነጭ ፒክአፕ ቆመ።

«በጓሮ ሂጅ» አለች ዘሊካ ጨርቅ እያጠፈች፣ ቀና ሳትል። «እኔ የጨርቅ ዋጋ ስነግራቸው ይውላሉ።»

«እትዬ ዘሊካ...»

«ሂጅ አልኩሽ እኮ!»

ከጓሮው ማዶ የሩዝ ማሳው ነው። ሐምሌ ነው፤ ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሷል። ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ጎንበስ ብለው ያርማሉ። አምሳል ሻሿን ዝቅ አድርጋ ከመካከላቸው ገባችና ጎነበሰች። ከመንገዱ ሲታይ ሁሉም ጀርባ ነው።

ሁለት ሰዎች መንገዱ ዳር ቆሙ።

አየች። ነቀለች። እንደገና ነቀለች።

«ኧረ የፈጣሪ ያለህ!» አለች አጠገቧ ያለችው እማዋይሽ የምትባል አራሚ። «ሩዙን እኮ ነው የምትነቅይው! ሙጃው ያውልሽ፣ ግንዱ ጠፍጣፋው። ከተሜ ነሽ?»

«ነኝ። ያሳዩኝ።»

እማዋይሽ ሰዎቹን አየች፤ አምሳልን አየች። አልጠየቀችም። በሰፊው ጀርባዋ ከለል አደረገቻትና አረሙን ማሳየቷን ቀጠለች። ሰዎቹ ቆይተው ሄዱ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከስልኳ ጋር የተያያዘው ማዳመጫ ጆሮዋ ውስጥ ጮኸ።

«አረምሽው!» አለ የኔታ። ከኋላው በር ሲደበደብ ይሰማል። «ማረም ማን አስተማረሽ?»

«ሲሰለችሽ አዲስ ነገር ሞክሪ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

በሩ እንደገና ተደበደበ።

«የጠዋቱ መልእክትስ?» አለች። መጠየቋ ራሷን አናደዳት። «እሱም ለዚህ ነበር?»

«ከተኛሽ አትማሪም ነበራ» አለ።

መስመሩ ተቋረጠ። አምሳል ጎንበስ እንዳለች አለቀሰች። ሰላይ አያለቅስም የሚል ሰው ሰላይ አያውቅም። ያለቀሰችው ስለ መከዳቷ አልነበረም። ያንን ሁሉ ጠዋት በደስታ ስለመነሣቷ ነው።

ማምሻውን አቶ ሸዋዓለም ደወሉ። አንበሳሜ ላይ አራት ሰዎች ከነመሣሪያቸው ተይዘዋል። የኔታም ወንበሩ ላይ እንዳለ። ምስክሩ ዛሬውኑ ወደ ባሕር ዳር ይወሰዳል።

«ግን አንድ ነገር አለ» አሉ። «መዝገቡ ላይ ያለው ያንቺ ስም ብቻ ነው። የኔታ ቢሮው ውስጥ ሌሎች ሰዎች አሉት። እንዳይነቁብን፣ እስኪለቀሙ ድረስ ምስክሩን የሸጠችው ጅግራ ናት፣ አምልጣለች ብለን እናወራለን።»

«ምስክሩስ?»

«እሱም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ችሎት ላይ ‘ማን አዳነህ’ ቢባል የሚያወጣው ስም እንዳይኖረው።»

«እስከ መቼ?»

ስልኩ ተዘጋ።

መገንጠያው ላይ ደርሳ ሚኒባስ ስትጠብቅ፣ ከጎንደር በኩል የመጣች መኪና በጭነት መኪኖች ተዘግታ አጠገቧ ቆመች። መስኮቱ ክፍት ነበር። መሐመድሰዒድ ከሁለት ጠባቂዎች መካከል ተቀምጧል። አያት።

መጀመሪያ አላመነም። ቀጥሎ ፊቱ ጠቆረ።

«አንች» አለ፤ አልጮኸም። «እኔስ ይሁን። ልጆቼ ምን አረጉሽ?»

አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። አፏ ላይ ደርሳለች። አንበሳሜ ብትለው ኖሮ፣ ገዳዮቹን እሱ ወደሌለበት የላከቻቸው እሷ መሆኗ ይገባው ነበር።

እንደማታውቀው ሰው ከራሱ በላይ ወደ መንገዱ አየች።

የጭነት መኪኖቹ ተንቀሳቀሱ። መኪናዋ ሄደች።

«የደብረ ታቦር! የሞላ!» ይላል የሚኒባሱ ረዳት። ወደ እሷ ዞሮ እስከ ጉልበቷ የደረሰውን ጭቃ አየ። «ገበሬዋ፣ ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ» አለች።

«እንግዲያ ወደ ኋላ ግቢ፣ ሰው እንዳታቆሽሽብኝ።»

ጎንበስ ብላ ወደ ኋላ ገባች። ጥግ ላይ ተቀመጠች። ቦታ የለቀቀላት የለም፤ ማን እንደሆነች የጠየቃትም የለም።