በመምህሩ ገብስ ውስጥ የተገኘው ሚስማር

መጀመሪያ ያየሁት የሰውየውን ዓይን ነው። እህሉ ሲመዘን ሚዛኑን አያይም፤ የሚያየው ልጄን ነው።

ዘመኑ 1996 ነበር። አምበር ከተማ፣ ገበያው ዳር ወፍጮ ነበረኝ። ልጄ ይመኙሻል ትመዝናለች፣ እኔ እፈጫለሁ። ሰውየው አንሙት ይባላል፤ አዲስ የመጣ የኬሚስትሪ መምህር ነው። ሰኞ ሁለት ኪሎ ገብስ ይዞ መጣ። ረቡዕም ሁለት ኪሎ፣ ዓርብም ሁለት ኪሎ።

«መምህር፣ ቤተሰብ አለህ?» አልሁት።

«የለኝም፣ ጋሼ። ብቻዬን ነኝ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ይበላዋል?»

«እኔ... ገንፎ እወዳለሁ።»

ይመኙሻል ጀርባዋን ሰጠችን። ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

በሁለተኛው ሳምንት ከገብሱ ሚስማር ወጣ። ሚስማር የወፍጮ ድንጋይ ይሰብራል። ወፍጮውን አቁሜ እህሉን በማግኔት ስፈትሽ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ልጄና መምህሩ ደጅ ቆመው ያወራሉ። ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር ሚስማር አይጠፋም።

«ብረት በማግኔት ለምን እንደሚሳብ ያውቃሉ፣ ጋሼ?» አለኝ አንድ ቀን።

«ብረት ስለሆነ ነዋ።»

«በአቶም ውስጥ ኤሌክትሮኖች አሉ። አብዛኞቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ የአንዱን ጉልበት ሌላው ያጠፋዋል። በብረት አቶም ውስጥ ግን አራቱ ጥንድ የላቸውም። ማግኔት የሚስበው በእነሱ ነው።»

«እንዳንተ ያሉት ናቸዋ» አለች ይመኙሻል።

አንገቱን ደፋ። ያፈረ ሰው ወሬ ያበዛል፤ ቀጠለ። «ኤሌክትሮን ነጌቲቭ ቻርጅ አለው። አቶሙ ኤሌክትሮን ሲያጣ ፖዘቲቭ አዮን ይሆናል።»

«አጥቶ ፖዘቲቭ? እኛ አገር ያጣ ሰው እንዲህ አይሞገስም።»

«ያጣው ነጌቲቩን ነዋ፣ ጋሼ።»

በአራተኛው ሳምንት አንድ ሚስማር አመለጠኝ። ድንጋዩ ተሰነጠቀ።

«ልጄን ለማየት ብለህ ወፍጮዬን ሰበርህ» አልሁት። «ሁለተኛ እዚህ እንዳትደርስ።»

ይመኙሻልን አያት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ ሄደ።

ይመኙሻል እህል መቅመስ ተወች። በስምንተኛው ቀን አጠገቤ ቆመች።

«አባባ፣ ሚስማሩን የምጨምረው እኔ ነበርሁ።»

«ለምን?»

«ሁለት ኪሎ ቶሎ ያልቃል። እርስዎ ሲፈትሹ ግን እሱ ይቆያል...»

«እሱስ ያውቅ ነበር?»

«አንድ ቀን ስጨምር አይቶኛል። ዝም አለ።»

ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ። ሰውየው ያላጠፋውን ጥፋት ተሸክሞ የሄደው ለልጄ ብሎ ነው። ዱላዬን አንስቼ ወደ ቤቱ ሄድሁ።

የሚኖረው በአንዲት ክፍል ነው። አልጋው ሥር፣ ጠረጴዛው ላይ፣ መስኮቱ ላይ ዱቄት በፌስታል ተደርድሯል። አንዱም አልተነካም።

«ገንፎ እወዳለሁ አላልህም?»

«እወዳለሁ። መሥራት ነው የማልችለው።»

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ቃል ጠፋኝ። «በድዬሃለሁ» አልሁት። «ሽማግሌ ላክ።»

«ማንን ልላክ፣ ጋሼ? እዚህ የማውቀው ሰው የለኝም።»

አሰብሁ። እውነቱን ነው። «ሁለት መምህራን ፈልግ» አልሁት። «ሦስተኛው እኔ እሆናለሁ።»

እሑድ ጠዋት ከሁለቱ መምህራን ጋር ሄጄ የራሴን ደጅ አንኳኳሁ። ይመኙሻል ከፈተች።

«አባባ ቤት የሉም» አለች፣ ሳቋን ይዛ።

«እንጠብቃለን።»

ገባን። መምህራኑ እንደ ወጉ መልስ እስኪሰጣቸው ቆመው ቀሩ። እኔ ዱላዬን ግድግዳ አስደገፍሁ፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁ።

«ሰጥቻለሁ» አልኋቸው። «አሁን ተቀመጡ።»