ከጭረቱ ወዲያ

ሙዚቃው አንድ ቦታ ላይ ተገትሮ ቀረ። ቫዮሊኖቹ አጭርና ሹል ድምፅ አወጡ፤ መልሰው ያንኑ፣ አሁንም ያንኑ። በቤተ መጻሕፍቱ የሙዚቃ ክፍል የተቀመጡት ስምንት የሙዚቃ ክበብ ልጆች ግን ምንም አልመሰላቸውም። የዘመኑ አቀናባሪ ሥራ ነው ስለተባሉ፣ ሰውየው እንዲህ ፈልጎ ይሆናል ብለው በትዕግሥት አዳመጡ። አንዱማ ማስታወሻው ላይ «ድግግሞሹ ደስ ይላል» ብሎ ጽፏል።

የስንጥር ልብ ግን ድንግጥ አለ። ይህን ስም በቅጥነቷ ያወጣችላት ጓደኛዋ ፌንጣ ናት። ፌንጣ ራሷ አንድ ወንበር ላይ አሥር ደቂቃ መቀመጥ የማይሆንላት ልጅ ስለሆነች፣ የእሷን ስም ማን እንዳወጣላት መጠየቅ አያስፈልግም።

ክፍሉን የሚጠብቁት፣ ልጆቹ ሁሉ ጋሼ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ጨፍነውት የነበረውን ዓይናቸውን ገለጡ። የማጫወቻውን መርፌ አነሱና ሸክላውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበሉት። አንድ ቀጭን፣ አጭር ጭረት ሸክላው ላይ አርፏል። ጭረቱን ትተው የገዛ ቀኝ እጃቸውን ያዩ ጀመር። ከጥቂት ወራት ወዲህ ይንቀጠቀጣል።

«በቃ፣ ከዳኝ ማለት ነው» አሉ።

በዚያ ክፍል መርፌ የሚያስቀምጡት ጋሼ ብቻ ናቸው። ትንሿን ጣታቸውን ማጫወቻው ጠርዝ ላይ አሳርፈው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ያወርዱታል። ስንጥር ያለፈው ቅዳሜ ይህን ሥርዓት ጥሳለች። ሸክላውን ለክበቡ የማስተዋወቅ ተራው የእሷ ስለነበር ቀድማ ልታዳምጠው መጥታ ነበር። እሷ የምትወደው የድሮዎቹን አቀናባሪዎች ነው፤ ዜማቸው ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። ይኼኛው ግን የተናደደ ሰው በር የሚያላጋ ነበር የመሰላት። ጋሼ ስልክ ሊያነጋግሩ ሲወጡ፣ ፌንጣም ደጅ ኳስ ይዛ ስትጠብቃት፣ ስንጥር መርፌውን አንስታ ወደ መጨረሻው ልታዘልለው ሞከረች። አመለጣት። ሲጭር ሰምታዋለች። ጋሼ ሲመለሱ «አዳምጬ ጨረስኩ» አለቻቸው።

ከክበቡ ስትወጣ ለፌንጣ ነገረቻት። ፌንጣ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ለጓደኛዋ ብላ ነው።

«ዝም በይ ባክሽ። ንብረት ያበላሸ ሁለተኛ እዚያ ክፍል አይገባም፣ ታውቂያለሽ። እሳቸው እንደሆኑ ዛሬ ባይሆን ነገ ሥራ ማቆማቸው አይቀርም። ማን ያውቃል ብለሽ ነው?»

ማንም አላወቀም። ጋሼ ግን ራሳቸው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ዘንድ ሄደው እጄ ሸክላ ማበላሸት ጀምሯል ብለው ተናገሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የክፍሉን ቁልፍ እንደሚያስረክቡ ተወሰነ። እስከዚያ ከተጎዳው ሸክላ የተረፈው ሙዚቃ እንዳይጠፋ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነበረበት። ለዚህም ሥራ የጠሩት ስንጥርን ነው።

«መርፌውን አንቺ አስቀምጪ» አሏት። «አንቺ ጆሮም አለሽ፣ እጅም አለሽ።» የትንሿን ጣት ነገርም አሳዩዋት። ስንጥር ከዚያ ይልቅ ቢሰድቧት ትመርጥ ነበር።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእሷ ግን እያደር ይከብድ ጀመር። ከትምህርት በኋላ እየመጣች፣ የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቃ፣ እስከ ጭረቱ ያለውን ገለበጠች። ሥራው ደጋግሞ መስማትን ይጠይቃል። በሦስተኛው ቀን በር ማላጋት የመሰላት ነገር ሥር አንድ ወፍራም፣ ዝቅ ያለ ድምፅ እንዳለ ሰማች። ከቫዮሊን የሚተልቀው ቼሎ ነው። ሌሎቹ ሲጮኹ እሱ አይጮኽም፣ ጥሏቸውም አይሄድም። በማግሥቱ ከጭረቱ ወዲያ ያለውን ጀመረች። ቫዮሊኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ቼሎው ብቻውን ቀረ፤ ወዴት እንደሚሄድ ያላወቀ ይመስል ቆም እያለ ቀጠለ። ስንጥር ሳታስበው እንባዋ መጣ። ኳስ ልጫወት ብዬ የዘለልኩት ይኼንን ነው ብላ አፈረች። ደግማ ሰማችው፤ የዚህ ሰው ሌላ ሥራ መደርደሪያው ላይ ይኖር ይሆን ብላም በዓይኗ ፈለገች።

በመጨረሻው ቀን ጋሼ ቁልፉን ከቀበቷቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኑረው ኃላፊዋን ይጠብቁ ነበር።

«ጋሼ፣ እጅዎ አይደለም» አለች ስንጥር። «እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስልኩን፣ ኳሱን፣ ጨረስኩ ያለችውን። ጋሼ አልተቆጡም። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ» አሉ፣ «ሻይ ስቀዳ እንኳ ይህን እጅ ባየሁት ቁጥር እጠላው ነበር።»

ስንጥር ይቅርታ አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ በጣም ትንሽ መሰላት። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሰምቻለሁ ማለታቸው እንጂ ይቅር ብዬሻለሁ ማለታቸው አልነበረም።

ኃላፊዋ መዝገብ ይዘው ገቡና ለቁልፉ እጃቸውን ዘረጉ። ጋሼ ቁልፉን ብቻ ወደ እሳቸው ገፋ አደረጉት። ሊያጋልጧት እንዳልፈለጉ ስንጥር ገባት፤ አሁንም ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ሊቀር ይችላል። መደርደሪያውን አየች፤ ገና ያልሰማቻቸው ሸክላዎች ተደርድረዋል።

የጆሮ ማዳመጫውን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ከወንበሯ ተነሳች።

«ቁልፉን ከመቀበልዎ በፊት» አለች ለኃላፊዋ፣ «የምነግርዎ ነገር አለ።»