የበሽተኛው ሁለተኛ ገጽ

መምህሩ ዶክተር ገብረጻድቅ ማክሰኞ ጠዋት ከሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ተንከባለው ሞቱ። ቦታው ቃሊቲ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ያለ አንድ የግል የሕክምና ኮሌጅ ነው። ጊዜው ደግሞ አዲሱ የከተማ ባቡር ሰው ሳይጭን ለሙከራ የሚመላለስበት፣ ሪፖርት ሁሉ «መቶ በመቶ» ካላለ ሪፖርት የማይባልበት ዘመን ነበር።

ኢንስፔክተር ሰዓደት ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ከእጃቸው ያመለጠውን ማኅደር ገለጠች። ለክፍል መወያያ የአንድ በሽተኛ ታሪክ በሁለት ገጽ ተጽፏል። የመጀመሪያው ገጽ ሆዱን የሚቆርጠው፣ ደሙ ያነሰ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው ይላል። ሁለተኛው ላይ «ቀለም ቀቢ» የሚለው ተሰርዞ በቀይ እስክርቢቶ «በሰቃ ሰፈር የሚኖር ባትሪ አቅላጭ» ተብሎ ተተክቷል። ለማንም ሳታሳይ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ሌላ ምን ይዘው ነበር?» አለች።

«የአርባ ሁለታችንን መጠይቅ» አለች ፈርዶሳ፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ዓይኗ በለቅሶ ቀልቷል። «ስለ ችግር ተኮር ትምህርት የምናስበውን ጽፈን ነበር። ዛሬ ሊያነቡልን ነበር።»

መጠይቁ ግን የለም።

የኮሌጁ ዲን ዶክተር በዛብህ ቢሯቸው ውስጥ ይንጎራደዳሉ። «ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? ፈርዶሳ ናት የገፋችው! ትናንት በሰው ፊት ጮኻበታለች። የማባረሪያ ደብዳቤዋ ተተይቧል።»

«እርስዎ ስንት ሰዓት ገቡ?»

«ሁለት ተኩል። ፖሊስ ቀድሞኝ ነበር፤ ሬሳውን እንኳ አልቀረብኩም።»

«ትምህርቱስ እንዴት ነው?»

«ተማሪው መቶ በመቶ ረክቷል! ለበላይ አካልም እንዲሁ ብለን ልከናል። እሱ ነው እንጂ የባትሪ አቅላጭ ሆድ ቁርጠት እያመጣ ተማሪ የሚያስጮህብን።»

ሰዓደት ጻፈች። ፊቷ ላይ ምንም አልተነበበም።

ነቢል የሚባለው ተማሪ ሳይጠየቅ ጀመረ። «እኔ ዘዴውን አልወደውም። የአንድ በሽተኛ ታሪክ የመጀመሪያውን ገጽ ሰጥተው ሦስት ቀን ያከራክሩናል። ያንን ሳንጨርስ ሁለተኛው አይታይም። ስንጠይቅ በጥያቄ ይመልሱልናል። መምህር ከሆኑ ለምን አያስተምሩንም?»

«ታዲያ ገፋሃቸው?»

«ኧረ ወላሂ! የጠላሁት ዘዴውን ነው፤ እሳቸውንማ እንደ አባቴ ነበር የማያቸው።»

ፈርዶሳ ግን ደረቷን ነፍታ ገባች። «አዎ፣ ጮኼባቸዋለሁ። ዘዴው ጥሩ ነው፣ በራሳችን ጭንቅላት እንድናስብ አድርጎናል። በሽተኞቹ ግን ሁሉም ከፈረንጅ መጽሐፍ የተገለበጡ ናቸው። እዚሁ አጥራችን ሥር ስንት በሽተኛ እያለ! መጠይቁ ላይ ስም አትጻፉ ተባልን፤ እኔ ጻፍኩ።»

«ዲኑ ጥፋትሽን አምነሽ ፈርሚ፣ በምሕረት እናይልሻለን ብለዋል።»

«ባልሠራሁት? አባቴ ሱቅ ውስጥ ቆሞ እየዋለ እዚህ ያደረሰኝ ሐኪም እንድሆን ነው፣ ውሸታም እንድሆን አይደለም። ያባርሩኝ! አልፈርምም!»

«ጎሽ» አለች ሰዓደት በልቧ።

የበር ጠባቂው ጋሽ ሮሪሳ የነገራት አጭር ነበር። ሰምታ ስትጨርስ ሁሉም ውይይት ክፍሉ ውስጥ እንዲሰበሰቡ አዘዘች።

«የእናንተ ደንብ መልስ አለመንገር ነው አይደል?» አለችና ማርከሩን ለፈርዶሳ ሰጠቻት። «እኔ እጠይቃለሁ፣ እናንተ ድረሱበት። ከማኅደሩ ምን ጠፋ?»

«መጠይቁ።» ፈርዶሳ ሰሌዳው ላይ ጻፈች።

«ማንን ያሳፍራል?»

ነቢል ተንተባተበ። «መቶ በመቶ ረክተዋል ብሎ… የላከውን።»

«ደህና። የበሽተኛው ሥራ ምንድን ነው?»

ተማሪዎቹ ተያዩ። «ሁለተኛውን ገጽ አላየንም» አለች ፈርዶሳ።

«ዲኑ ያጸደቁት ቀለም ቀቢ ይላል፤ ዛሬ ግን በቀይ ተቀይሯል። ጋሽ ሮሪሳ፣ ለእኔ የነገሩኝን ይድገሙት እስቲ።»

«ዛሬ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ዶክተር በር ላይ ቆመው ‹እዚህ ሰፈር ሰው ምን እየሠራ ይታመማል?› አሉኝ። የጎረቤቴን ልጅ፣ ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ እያቀለጠ ሆዱን የሚያመውን ባትሪ አቅላጭ ነገርኳቸው። በእኔው ቀይ እስክርቢቶ እዚያው ጽፈው ወደ ፎቅ ወጡ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጩኸት ሰማሁ።»

«ለሌላ ሰው አውርተዋል?»

«ለማንም። ከዚያ ወዲህ ከፖሊስ ጋር ነኝ።»

«እንግዲህ ከጋሽ ሮሪሳ ሌላ ይህን የሚያውቀው ማኅደሩን የበረበረ ሰው ብቻ ነው። ዶክተር በዛብህ፣ ባትሪ አቅላጩን ማን ነገረዎት?»

ዲኑ ላብ አጠመቃቸው። «ከ… ከተማሪዎች ሰማሁ።»

«እኛ እኮ ሁለተኛውን ገጽ አናይም!» ፈርዶሳ ጮኸች። «ደንቡን ያወጡት እርስዎ ራስዎ ነዎት!»

በሰዓደት ትእዛዝ የዲኑን መኪና የፈተሸ ፖሊስ የመጠይቁን ክምር ይዞ ገባ።

«ስጠኝ አልኩት፣ እምቢ አለ» አሉ ዲኑ በደከመ ድምፅ። «ልቀማው ብዬ ስስብ… ከደረጃው ወደቀ። በጀርባ በር ወጥቼ፣ ሁለት ተኩል ላይ አሁን እንደመጣ ሰው ተመለስኩ።»

«ጥፋቱንም ለልጅቷ ሰጡ» አለች ሰዓደት፣ ቁጣዋን ሳትደብቅ። «ውሰዱት!»

ከክምሩ የፈርዶሳን መጠይቅ መዝዛ አሳየቻት። ከዳር በቀይ እስክርቢቶ «ልክ ነሽ። ዛሬ የሰፈራችንን ሰው አመጣለሁ» ይላል። ፈርዶሳ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

«በሉ ውጡ፣ ክፍሉ ይታሸጋል» አለ ፖሊሱ።

«እንወጣለን» አለች እንባዋን በእጇ እየጠረገች፣ «ግን ወደ ቤታችን አይደለም።»

ዘዴውን አልወደውም ያለው ነቢል ቀድሟት ተነሥቶ ነበር። «ጋሽ ሮሪሳ» አለ፣ «የዚያ ልጅ ቤት በሰቃ የት ጋ ነው?»